እህቴ ሹ የጋገረችበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ደሴ ካለው ሱቄ ጀርባ ያለችው ጎረቤቴ ለልጇ የሆነ ነገር ስታማስል፣ ዱቄት በፈላ ቅቤ ላይ ሲወድቅ የሚያወጣው ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ገባ። የገንፎ ሽታ አይደለም፤ የዳቦም አይደለም። ከሁለቱ መሃል ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የለውዝ ጠረን ያለው ነው። በእጄ ይዤ የምጠግነውን ራዲዮ አስቀመጥኩት። መበየጃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ምንም ሳልሠራ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ መጥቶ «አለህ ወይስ ሄደሃል?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ሄጄ ነበር። ወደ ተወለድኩባት ከተማ መካነ ሰላም፣ እህቴ ከቤሩት ወደተመለሰችበት ክረምት።

ያ ክረምት ረመዳንና ፍልሰታ የገጠሙበት ነበር። ከተማዋ ጉም ለብሳ ትውልና፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጉሙ ሲሰነጠቅ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሁሉ አንድ ላይ ብልጭ ይላሉ። ቀን ቀን ዝምታ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ጾመኛ ስለሆነ ከየማጀቱ ጭስ አይወጣም። የሚሰማው ከጣሪያ የሚወርደው ውሃና፣ ከእኛ ቤት አባቴ ቁርኣን የሚያስቀሯቸው ልጆች ድምፅ ብቻ ነው። አንዳንዴ ከከላላ በኩል የሚመጣ ገበያተኛ በቅሎውን እየጎተተ በደጃችን ሲያልፍ የኮቴው ድምፅ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ መልሼ ለመግጠም እታገል ነበር። እህቴ ደግሞ ቤሩት አንዲት አሮጊት ማዳም ዘንድ ሠርታ ነበር የተመለሰችው። ስለዚያ ቤት ስታወራ ከኩሽናው በር አልፋ አትሄድም። ሌላው ክፍል ውስጥ ምን እንደነበረ ጠይቀናት አናውቅም፤ ነግራንም አታውቅም። ከኩሽናው ግን ሹን ይዛ መጣች።

ሹ የፈረንሳዮች ኬክ ነው። የሕፃን ጡጫ የሚያክል፣ ላዩ የተሰነጣጠቀ፣ ውስጡ ባዶ። ባዶው ውስጥ ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳልና ከስኳር የተማሰለ ወፍራም ክሬም ይሞላል። ስሙ በነሱ ቋንቋ ጥቅል ጎመን ማለት እንደሆነ ማዳሟ ነግራታለች። እናቴ ይህን ስትሰማ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች።

«ጎመን ፍለጋ ነው እንግዲህ ቤሩት ድረስ የሄድሽው?»

እህቴ ለምን ሹ መጋገር እንደያዘች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዱባይ ያለችው የአክስታችን ልጅ ቪዛ እያወጣችላት ነው፤ ለዒድ ማግስት ይደርሳል ተብሏል። እህቴ መሄድ አልፈለገችም። አልሄድም ግን አላለችም፤ እኛ ቤት እንዲህ አይባልም። እዚሁ የሚያውላት ሥራ ብታገኝ ማንም ሂጂ አይላትም ነበር። አደባባዩ ጋ ያለው ሆቴል ባለቤት ደግሞ፣ ሐጂ ሁላችን የምንላቸው፣ ከደሴ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አስመጥተው ኬክ የሚሠራ ሰው አጥተው የለስላሳ ጠርሙስ ደርድረውበት ነበር። እህቴ ሄዳ አናገረቻቸው።

«በኢፍጣር ቤቴ አምጪና እንቅመሰው፣ ልጄ» አሏት። «ከጣመ መስታወቱ ያንቺ ነው።»

ምድጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ለድፎ ዳቦ እንደምናደርገው ከላይም ከታችም ፍም የሚይዝ። የመጀመሪያዎቹ ሹዎች ግን ቂጣ ሆኑ። ጥፋቱ የቆርቆሮው አልነበረም። እናቴ ሽታው በመጣ ቁጥር ክዳኑን ብድግ አድርጋ ታይ ነበር።

«እማ፣ አትክፈቺው ብዬሻለሁ! ብርድ ከነካው ይተኛል!»

«ይተኛ፤ ምን ሠርቶ ነው የደከመው?»

ስለዚህ ክዳኑን በስቼ የእጅ ባትሪ መስታወት ገጠምኩበት። እናቴም ማየቷን ሳትተው፣ ሹውም ሳይተኛ መኖር ተቻለ። ሦስታችን ግንባራችንን አጋጥመን በዚያች ክብ መስታወት ስናይ ትዝ ይለኛል። ከፍሙ በቀር ማጀቱ ጨለማ ነው። ውስጥ ግን፣ በቀይ ብርሃን መሃል፣ ጉብታዎቹ የተኛ ሰው ደረት እንደሚነሳው ቀስ እያሉ ሲነሱ ይታያሉ። ከዚያ ልክ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ቡናማ አይሉም፤ ቡናማ ከሆኑ አልፏል። የማር ቀለም ነው፤ እሱም የነጭ ማር ሳይሆን የቆየ ማር። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማሻአላህ» አለች፤ ጮክ ብላ ብትናገር የሚተኙባት ይመስል።

ዛሬ እንኳ አንድ ነገር በትዕግሥት ስጠብቅ ግንባሬ ላይ የዚያ ቆርቆሮ ሙቀት ይሰማኛል።

ሐጂ ቤት የምንሄድበት ቀን ደረሰ። እስከዚያ ድረስ እህቴ ክሬሙን የምትሞክረው በዱቄት ወተት ነበር። የዚያን ቀን ግን እናቴ ጣሳውን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ለቁም ነገር ቀን የዱቄት ወተት? ሰው ምን ይለናል? ላም ያለን ሰዎች!»

ከመደርደሪያው ላይ ቅሏን አወረደች። ከልጅነቷ እንደተማረችው በወይራ ጭስ አጥናው፣ የጠዋቱን ወተት ሞልታበት ነበር። ለኛ ኢፍጣር እንኳ ሳታስቀር ሙሉውን ለእህቴ አስረከበቻት። እህቴ እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች፤ የእናቴን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው።

ወተቱ ፈላ፤ አስኳሉ ገባ፤ ክሬሙ ወፈረ። እህቴ ከቤሩት ይዛ የመጣችውን የብርቱካን አበባ ውሃ ከብልቃጧ አንጠባጠበችበት። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

«የሆነ ነገር አይሸትህም?»

አሸተትኩ። «ምንም።»

«ኧረ ተወው፣ ቤቱ ነው» አለች።

መቅመስ ነበረበት። ጾም ነን። አባቴ «በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይቻላል፣ ችግር የለውም» ብለው ነበር፤ እህቴ ግን ለጣፋጭ ብላ ጾሟን መጠራጠር አልፈለገችም። በረመዳን ወጥ ስንሠራ ጨው የምትቀምስልን ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ነበረች፤ በሁዳዴ ደግሞ እናቴ ለሷ ልጆች ወተት ቀምሳ ታሞቅ ነበር። ጠራናት። ማንኪያውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወይ ጉድ! ዘንድሮ ማን ለማን ሊቀምስ ነው? እኔም እኮ ፍልሰታ ይዣለሁ!»

ቀሚሷን ይዞ የቆመ ትንሽ የልጅ ልጅ ነበራት። ሁላችንም እሱን አየነው። ልጁ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ!»

«አንድ ጊዜ ላስ ብቻ አድርግ፣ የኔ ጌታ» አለችው እናቴ።

«አይሆንም! ነገ እቆርባለሁ!»

ጎረቤታችን በሳቅ ፈነዳች፤ እናቴም፣ እህቴም። አባቴ ከሳሎን ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው «እሱ ከሁላችሁም ይሻላል» አሉ። ክሬሙ ሳይቀመስ ተሞላ።

ሐጂ ቤት ስንደርስ የመግሪብ አዛን ሊል ነበር። ሳህኑን በነጭ ነጠላ ሸፍነን፣ እኔ ከፊት መንገድ እየመረጥኩ፣ እህቴ ከኋላ። እሷ ሴቶቹ ወዳሉበት ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ እኔ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። መሃላችን መጋረጃ ብቻ ነበር። አዛኑ ሲሰማ ሰው ቴምሩን አነሳ፤ ሾርባ ተጠጣ፤ ሳምቡሳው ዞረ። ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ሹው መጣ። በፋኖሱ ብርሃን ወርቅ ይመስል ነበር። ሐጂ አንድ አንስተው፣ ክብደቱን እንደሚመዝን ሰው በመዳፋቸው ላይ ትንሽ አቆዩት፤ ከዚያ ገመጡ።

ማኘካቸውን አቆሙ።

«ይህ ነገር… እርጎ አለበት እንዴ?»

እኔም የያዝኩትን ገመጥኩ። ያኔ ነው ያወቅኩት። ሙሉ በሙሉ የወይራ ጭስ ነበር። የብርቱካን አበባውን ውጦታል፤ ስኳሩን ራሱ አጭሶታል። እኛ ቤት ውስጥ ያልሸተተን፣ እኛ የምናውቀው ወተት ሁሉ እንደዚያ ስለሚሸት ነው። በኬክ ውስጥ ግን፣ በሰው ቤት፣ ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ወጣት «ወላሂ፣ ላሟ ራሷ የገባች ነው የሚመስለው!» አለ። ሌላው «ኧረ አሬራውንም አምጡልን!» ብሎ ተቀበለው። ሳቁ ክፉ አልነበረም። የጠገበ ሰው ሳቅ ነበር። መጋረጃው ግን ስስ ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ የሐጂ እናት፣ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት፣ «ድገሚኝ እስቲ» ሲሉ ሰማሁ። «እናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ።»

ሐጂ ደግ ሰው ነበሩ። እህቴን በር ድረስ ሸኟት።

«እጅሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን ሰው ኬክ ቤት የሚመጣው ቤቱ የሌለውን ሊበላ ነው። ይህ ደግሞ ቤት ቤት ይላል። ከዒድ በኋላ እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ በእኛ አገር ብዙ ዓይነት አለው። ያኛው ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ እጅ ትከሻ ላይ ተጭኖ የሚባለው ነው። እህቴም በዚያው ድምፅ «ኢንሻአላህ» አለቻቸው።

መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ አወራሁ፤ እኔ ብዙ የማላወራው። ነገ በዱቄት ወተት እንሥራ፣ ጥፋቱ የቅሉ ነው፣ ሄደን እንንገራቸው አልኳት። እህቴ ቆመች። ጉሙ ወርዶ ፊቷ በደንብ አይታየኝም ነበር።

«ሐጂ ዘንድ ሄጄ የእናቴ ወተት አበላሸብኝ ልበል? ነገ ገበያ ላይ እናቴን ሰው ምን ሊላት ነው?»

«ለሳቸው ብቻ ብንነግራቸውስ?»

«እሷ ትሰማለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ቅል ስታጥን ይኸው ይሆናል የምታስበው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አብሽር። እንግዲህ ተወው።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።

«እህ፣ እንዴት ሆነ?»

«ወደዱት፣ እማ። የሐጂ እናት ደግመው በሉ። ወተቱን አደነቁት።»

«አላልኩሽም!» አለች እናቴ፤ ፊቷ በራ። «መስታወቱስ?»

«ለሌላ ሰው ቃል ገብተው ኖሯል።»

እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ያን ቀን ስታነሳ «ሐጂ ቃላቸውን ባያጥፉ ኖሮ» ትላለች።

አባቴ ያስቀረንላቸውን አንድ ሹ ያን ምሽት በሉ። ጣታቸውን አንድ ጊዜ አሸተቱና ውዱእ አድርገው ሊሰግዱ ተነሡ።

ቪዛው እንደተባለው ከዒድ በኋላ ደረሰ። የምትሄድበት ጠዋት የደሴው አውቶቡስ ከመናኸሪያው ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። እናቴ ማጀት ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ስንቅ ትቋጥራለች። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወደ ማጀት የመግባት ልማድ ያልነበራቸው ሰው፣ የእንጨት ዱካ ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

«እስቲ ያን ነገር እንዴት እንደምትሠሪው ንገሪኝ» አሏት።

እህቴ ሻንጣዋን እንደያዘች ቆመች። «አሁን፣ አባ?»

«አሁን።»

«መጀመሪያ ውሃና ቅቤ ይፈላል። ቁንጥር ጨው።»

«ከዚያስ?»

«ዱቄቱን በአንዴ መገልበጥ ነው። ከተንጠባጠበ ይጓጉላል።»

«ከዚያስ?»

ቁርኣን የሚቀሩት ልጆች ምዕራፋቸውን ሲያሰሟቸው እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። እሷም ሳታስበው እንደ ልጆቹ ድምፅዋን አስተካክላ ቀጠለች።

«ሊጡ ከድስቱ እስኪላቀቅ ይማሰላል። በረድ ሲል እንቁላል፣ አንድ በአንድ።»

«ለምን አንድ በአንድ?»

«ከተቸኮለ አይቀበለውም፣ አባ።»

«እውነት ነው። ከዚያስ?»

«ከዚያ ይጋገራል፤ አይከፈትም። ክሬሙ ለብቻው ነው። ወተት ይፈላል…»

«የምን ወተት?»

እናቴ ከቋጠሮው ቀና አለች። እህቴ አየቻትና «የተገኘው ወተት፣ አባ» አለች።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። እህቴን አዩ፤ እናቴን አዩ፤ መልሰው ጨፈኑ።

«ባረከላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ይሞላል።»

«ከዚያስ?»

ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። ይሄኛው ረዘም ያለ ነበር።

«ከዚያማ አለቀ። ይበላል» አለች እህቴ፤ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ቀጠነ።

አባቴ አልተነሡም።

«የዱቄቱን በደንብ አልያዝኩትም» አሉ። «እስቲ ከመጀመሪያው።»

እህቴ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።