በምላሴ ያፈረጥኩት ሐሞት

ይህን ዱአ ላይ ተቀምጬ እንኳ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ አወጣዋለሁ።

የልጅ ልጄ ሰሚራ ወልዲያ ከተማ ቀዶ ጥገና ትማራለች። ጭንብል የመሰለ መነጽር አጥልቀው በሌለ ሰው ሆድ ላይ እንደሚለማመዱ ስሰማ ጠረጠርኩ። በሌለ ሥጋ ተምራ ያለውን የድሃ ሆድ ልትቀድ ነው? የሀብታሙንስ ማን ሊቀደው ነው? አሳይኝ ብዬ ከመርሳ ከተማ ወልዲያ ሄድኩ።

አጠለቀችልኝ። ጉበት ከነሐሞቱ ፊቴ ተዘረጋ። እኔ በየአረፋው የበጉን ሐሞት ሳላፈርጥ ከጉበት ስለይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያስያዘችኝን ብረት ስገፋው ጉበቱ መልሶ ገፋኝ፤ ስስበው ተለጠጠ፤ ልክ እንደ በጉ። ጨክኜ ሳብኩት፣ ሐሞቱ ፈረጠ።

ሰሚራ ሳቀች። «እምዬ፣ ሰውየውን ጨረሱት እኮ።» ጓደኞቿም ሳቁ።

ያ ሳቅ ነው የበላኝ? ወይስ ጥርጣሬዬ መረታቱ?

በዚያው ሰሞን ብርቱካን የምትሸጠው ጎረቤቴ ዘይነባ ሐሞትሽ ጠጠር ይዟል፣ ይውጣ ተባለች። ሰሚራ ከዋናው ሐኪም ጋር ቀዶ ጥገናው ላይ እንደምትገባ ሰምታ ዘይነባ ወደ እኔ መጣች።

«እማ ፋጡማ፣ አንቱ ያን መለማመጃ በእጅዎ ነክተውታል። እውነት ሥጋ ሥጋ ይላል?»

«ንፋስ ነው» አልኳት። «ልጆቹ ንፋስ ነው የሚቆርጡት።»

እጄ የነካውን አፌ ካደ። ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ዘይነባ ቀጠሮዋን ትታ ቅጠል ስትጠጣ ከረመች፤ ሐሞቷ ውስጧ ፈረጠ። እነሰሚራ በስንት መከራ አተረፏት። ሆዷ ግን ዳር እስከ ዳር ተሰፍቷል፤ ብርቱካን ተሸክማ ገበያ መውጣት ቀረ።

ፍርድ ተጓደለ እያልኩ ከሰው ስጣላ የኖርኩ እኔ፣ ያ መነጽር የመጣው የድሃ ሆድ መለማመጃ እንዳይሆን መሆኑ እንዴት ጠፋኝ? አልጠፋኝም። እጄ ነግሮኝ ነበር።

ሰሚራ እስከ ዛሬ ዘይነባ ለምን እንደፈራቻት አታውቅም። ዘይነባ ደግሞ አረፋ በመጣ ቁጥር ጉበት ትልክልኛለች። ለምን ጉበት? ትክ ብላ ስታየኝ አውቃለች እላለሁ፤ ስትስቅም አውቃለች እላለሁ። ድሮ መነጽሩን እጠረጥር ነበር፣ አሁን የጎረቤቴን ስጦታ እጠረጥራለሁ።

መነጽሩ ውስጥ ያፈረጥኩትን ሐሞት ሰሚራ ነካ አድርጋ እንደነበረ መለሰችው። በምላሴ ያፈረጥኩትን ማን ይመልሰዋል? እናንተን አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተጎዳችው ዘይነባ ናት። አሁን ያደረግኩትን ልነግራት ወደ ደጇ እሄዳለሁ። ሳታስገባኝ ብትመልሰኝም ፍርዷ ልክ ነው።