ሁለት የግራ እጅጌ

ሰፈሩ "እትዬ መርፌ" ይላታል። ቀጭን ሆና እንዳይመስላችሁ፤ የሱቋን በር የምታልፈው በጎን ነው። ምላሷ ስለሚወጋ ነው። እጇ ግን የተባረከ ነው፤ የሰፋችው ልብስ ከገላ ላይ የበቀለ ይመስላል።

ተንኮልም አታጣም። የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ በጥቁር ላስቲክ እየጠቀለለች፣ ውስጡን ሳታሳይ ትሸጣለች። ከብዙዎቹ በአንዱ ደህና ሐር ትሸጉጥና "ዕድል ያላት ታገኘዋለች" ትላለች። የሰፈሩ ሴቶች ይሻሙበታል፤ የማዶዋ ዳቦ ጋጋሪማ አንድም ቀን አትቀርም።

ታዲያ የእህቷ ልጅ ልታገባ ሆነ። እናቷ ስትሞት እትዬ መርፌ ናት ያሳደገቻት። ልጅቷ ገና ጥርስ ሳታበቅል "የሙሽራ ቀሚስሽን ከእኔ ሌላ ማንም አይሰፋውም" ብላ ምላላት ነበር። ሐሩም ተገዛ፤ ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ የቀረው የመጨረሻው ነበር።

ጉዱን ያመጣችውም ይቺው ልጅ ናት። አክስቴን አይደብራት ብላ ስልኳ ላይ ጨዋታ ጫነችላት፤ የሥዕል ልጅ ልብስ የማልበስ ጨዋታ። ደህናው ልብስ ከተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ሣጥኑ ደግሞ ይገዛል። እትዬ መርፌ አንድ ወርቃማ ካባ ላይ ዓይኗን ጣለች። ሣጥኑ ሲከፈት ካባው ብልጭ ይልና ለጥቂት ያልፋታል፤ የሚወጣላት ካልሲ ነው። "ደርሷል፣ አንድ ብቻ ልሞክር" ትላለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ ብቻ። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታለብስ የኖረች ሴት ሥዕል ለማልበስ ስትከፍል አይቶ በሳቅ ፈረሰ። ድስቱ በየቀኑ ማረር ሲጀምር ግን ሳቁ ቀነሰ።

ሰርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እጅጌውን ልትቆርጥ ተቀመጠች። ስልኩ አጠገቧ ነው። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ካባው ብልጭ አለ፣ መቀሱም ሄደ። ቀና ብላ ስታይ ሁለቱንም የቆረጠችው ለግራ እጅ ነው። አትገለብጠው ነገር፣ ሐሩ የሚያበራው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ክው አለች።

ባሏ ሊያስቃት ብሎ፣ ሙሽራዋ አንድ እጇን ደብቃ ትገባለች አላት። እሷ አለቀሰች። ያቺን ልጅ በምን ዓይኗ ትያት?

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። ቀሚሱን ስትቆርጥ ሰፋ ያለ ቁራጭ ተርፎ ነበር፤ አያስፈልግም ብላ ለማማለያ ከአንዱ ጥቅል ውስጥ ሸጉጣዋለች። የትኛው ውስጥ? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ እንዲያ ያደረገቻቸውም ራሷ ናት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ! ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ጥቅሎቹን መቅደድ ጀመረች። ይሄኛው ነው ስትል ገበር፣ ይሄኛውስ ስትል የመጋረጃ ጫፍ። "አንድ ብቻ" እያለች ትቀዳለች፤ ሣጥን ስትከፍት እንደምትለው። የመጨረሻው ጥቅል ተቀደደ፣ ሐሩ የለም። ተሸጧል ማለት ነው።

ወደ ማዶ ሮጠች። ዳቦ ጋጋሪዋ ነገሩን ሰምታ፣ ዱቄቷን እንኳ ሳታራግፍ ጓዳ አስገባቻት። ከአልጋው ሥር አንድ ጆንያ ሙሉ ቁርጥራጭ ጎትታ አወጣች፤ ሐሩ ከላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እትዬ መርፌ አቅፋ ሳመቻት። ዓይኗ ግን ጆንያው ላይ ቀረ።

"ይሄን ሁሉ ምን ልትሰፊበት ነው?"

"መስፋት የት አውቄ? መርፌ እንኳ የለኝም" አለች ሴትዮዋ አፍራ እየሳቀች። "ሐሩ የወጣልኝ ቀን ደስታዬ ቤት እስክገባ ነው የቆየው። በማግስቱ ሌላ ገዛሁ። የሚቀጥለው ምን ይዞ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ።"

እትዬ መርፌ ያ ወርቃማ ካባ ትዝ አላት፤ ሐሩን ይዛ ወጣች።

ሙሽራዋ በሰርጓ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ጨፈረች። ጨዋታውንም ከአክስቷ ስልክ ላይ አጠፋችው። የአክስቷ እጅ ግን ለብዙ ቀን ሳታውቀው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። ስለዚህ እትዬ መርፌ ከተረፈው የግራ እጅጌ ለስልኳ ከረጢት ሰፋች፤ አፉን ከላይ እስከ ታች ቁልፍ ደረደረችበት። እሱን ፈትታ እስክትጨርስ አምሮቷ ይወጣላታል። ባሏ ይሄን ባየ ቁጥር ይስቃል፣ አሁን እሷም አብራው ትስቃለች።

ጥቁሩ ላስቲክም ቀረ። ቁርጥራጩ ሁሉ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ዳቦ ጋጋሪዋ እንደ ልማዷ መጣች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች፣ ዳሰሰች፣ "ዛሬ የሚያስፈልገኝ የለም" ብላ ባዶ እጇን ወጣች።

እትዬ መርፌ እስከ በሩ ሸኘቻትና "እሰይ፣ የኔ እናት" አለቻት።