ተደጋጋሚ ፋይሎች

ትዕግሥት የለኝም። የድምፅ መልእክት ሲላክልኝ በእጥፍ ፍጥነት ነው የማዳምጠው። እናቴ ከመቲ ደውላ «እንዴት አደርሽ፣ ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል፣ ምን በላሽ» ስትለኝ እንኳ ማፋጠኛ ቁልፍ ቢኖር እጫነው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጋምቤላ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ደመወዜ የሚያልቀው በዕቃ ነው፤ በልብስ ማለቴ አይደለም። ሦስት ፓወር ባንክ አለኝ፣ ጣሪያዬ ላይ የፀሐይ ፓነል፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ የማይሠራ ስማርት ሰዓት፣ እና ውኃ ቢገባበት የማይበላሽ የተባለ ስፒከር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ስልኬ «ካልቀዘቀዝኩ አልሠራም» ብሎ ያኮርፋል፤ ያኔ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ከእንስራው ጎን አስተኛዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እኔ ቤት ይሰለፋል። የፎቶው መጠን በዛ ተብሎ ፎርም የተመለሰበት ሰው፣ አምስት ፒዲኤፍ አንድ ላይ ማያያዝ ያቃተው፣ የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስ የፈለገ፣ ሁሉም የሚባለው «ቲቸር ጋ ሂድ» ነው። ለሁሉም የማውቀው ድረ ገጽ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ያኮራኛል።

ከሁሉ የሚብሰው አመሌ ግን ማጽዳት ነው። አንድ ፎቶ ሁለት ቦታ ተቀምጦ ካየሁ ያሳክከኛል። የራሴን ስልክ ስጨርስ የሰው ስልክ ተቀብዬ አጸዳለሁ። አንዳንዱ ሰው ሳይጠይቀኝም።

በትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት የምትሠራ ጓደኛ ነበረችኝ። «ነበረችኝ» ያልኩት ሞታ አይደለም፤ ዛሬም እዚያው ናት። ኑዌር ናት፣ በልጅነቷ ከድንበሩ ማዶ መጥታ እዚህ ያደገች። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ቃል እደረድራለሁ፣ እሷ ትመርጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ተማሪዬ ነበረች፣ አሁን ነርስ ሆና እዚሁ ትሠራለች። ልጅቷ አንድ ልጅ ትወዳለች፣ እሱም ይወዳታል፤ የሱ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እናቲቱ ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሞላ፣ ሞላ ይለኛል» አለችኝ። «የሽማግሌው ቀን ፎቶ ማንሻ እንኳ የለኝም። ቦታ አስለቅቂልኝ።»

«ይቺ ለእኔ ምን አላት!» አልኩ። አልኩ እንጂ።

ስልኳ ውስጥ የአባቷ ድምፅ እንዳለ አውቃለሁ። አባቷ ድንበሩ ማዶ ኖረው ባለፈው ክረምት ነው ያረፉት። እሳቸው ጋ ኔትወርክ ስለሌለ ድምፃቸውን በሰው ስልክ ይቀዱና ሚሞሪ ካርዱን ለመንገደኛ ይሰጡታል፤ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲል ከድንበሩ ወዲህ ፑኝዶ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ እሷ፤ ስልኳ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ካርዱ ተጠርጎ ለሚቀጥለው መልእክት ወደ እሳቸው ይመለሳል። አንዳንዱ ካርድ ላይ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ሦስት ጊዜ። «የአባቴን ድምፅ እንዳትነኪ» አላለችኝም። ማን ይነካል ብላ ታስባለች?

ማንጎው ጥላ ሥር ወንበሬን ዘርግቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ተደጋጋሚ ፋይል የሚያድነው መተግበሪያ ፎቶዎቹን በቅጽበት ለቀመ። የድምፅ ፋይሎቹ ላይ ግን ትንሽ ተቸገረ፤ መጠናቸው አንድ አይደለም፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው። እንግዲህ በጆሮዬ ልለያቸው ብዬ ኢርፎኔን ሰካሁ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፦ ሳል፣ ከዚያ ከሩቅ የከብት ድምፅ፣ ከዚያ አዛውንቱ እየረገጡ የሚጠሩት የስም ዝርዝር። ሁለተኛውን ከፈትኩ፦ ሳል፣ ያው ዝርዝር። ሦስተኛው፣ ያው። አራተኛው፣ ያው። እያንዳንዱን አሥር አሥር ሰከንድ፣ ያውም በእጥፍ ፍጥነት። ኑዌርኛ አልሰማም፤ ግን አንድ ዓይነት ነገር አንድ ዓይነት ነው፣ ለዚህ ቋንቋ ምን ያስፈልጋል? እንዲህ ነው ያሰብኩት። ከሁሉ ጥርት ያለውን አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። ግማሽ ሥራ ስለማልወድ ከቆሻሻ መጣያውም ጠረግኩት። ያስቀረሁትንም ዝም ብዬ አልተውኩትም፤ ጫጫታ የሚያጠፋ ድረ ገጽ ላይ ጭኜ የከብቶቹን ድምፅ አወጣሁለት፣ «አባባ» ብዬም ስም ሰጠሁት። በተለቀቀው ቦታ ላይ ስልኩ ወራት ሲለምን የኖረውን ማዘመኛ ሁሉ ጫንኩ።

ስልኳን ስትቀበል «እንደ አዲስ ሆነ!» ብላ አቀፈችኝ። በማግሥቱ ከባሮ የወጣ፣ ገና የሚላወስ ዓሣ ላከችልኝ። ጠብሼ በላሁት።

የሽማግሌው ቀን እኔም ተጠራሁ፤ ከነስፒከሬ። «የአባቴን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጊልኝ፤ እሱ የሌለበት ሽምግልና እንዳይሆን» አለችኝ። ግቢዋ ውስጥ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ከወንዱ ወገን የመጡት በአንድ በኩል፣ የሟች ባሏ ወንድምና ዘመዶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከእኔ ጎን ሆና በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች። ደስታዋ ከፊቷ ይፈስ ነበር፤ ስታስተረጉምልኝ እንኳ ትስቅ ነበር።

እኛ ደገኞቹ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው እነሱም ይቆጥራሉ፤ እንዲያውም እነሱ ይብሳሉ። በአባትም በእናትም፣ በአያትም በኩል ደም የሚነካካ ከሆነ ጋብቻ የለም፣ አለቀ። መጀመሪያ የልጁ ወገኖች ቆጠሩ። ቀጥሎ የልጅቷ አጎት የአባቷን በኩል ቆጠረ፤ በቃሉ፣ ሳይሰናከል። አልተነካካም። ከዚያ የእናቷ በኩል ተባለ። ጓደኛዬ «አባቴ ራሱ ይናገር» ብላ ወደ እኔ አየች። እኔም እንደ ባለሙያ ኮራ ብዬ ተጫንኩት።

የአዛውንቱ ድምፅ ግቢውን ሞላው። በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል ሰው ድምፅ። ሽማግሌዎቹ ስሙ በተጠራ ቁጥር አብረው ያጉረመርማሉ፣ አንዱ ዓይኑን ያብሳል። ከሃያ ደቂቃ በላይ ሄደ። እዚህም አልተነካካም። መጨረሻው ላይ አዛውንቱ ተነፈሱና አንድ ነገር አሉ፤ ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ አስተረጎመችልኝ።

«ልጄ ሆይ፣ የእኔ ወገን ይኸው ነው። ደከመኝ። የእናትሽን ወገን በሚቀጥለው እነግርሻለሁ።»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «ቲቸር፣ የሚቀጥለውን ክፈቺልን።»

ስልኩን እነካካለሁ፣ ወደ ላይ እገፋለሁ፣ ወደ ታች እገፋለሁ፤ ምን እንደምፈልግ የማላውቅ ይመስል። ሁሉም ሰው ያየኛል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። «ፋይሉ ሳይበላሽ አልቀረም» አልኩ። «ስልኩ አርጅቷል።»

ከልጁ ወገን አንዱ በጥርጣሬ የሆነ ነገር ተናገረ። ጓደኛዬ ቆጣ ብላ መለሰችለት፤ ምን እንዳለችው ልጅቷ ነገረችኝ፦ «ቲቸር ካላወጣችው ማንም አያወጣውም፤ እሷን እኔ አውቃታለሁ።»

የጓደኛዬ እናት የሞተችው ጓደኛዬ ሕፃን ሳለች ነው። ከእናቷ ወገን የተረፈ ሰው አታውቅም። የልጁ ወገን ታላቅ ሽማግሌ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገሩት። የልጁ ሴት አያት ከዚያው ከጓደኛዬ ሟች እናት አካባቢ የመጡ ናቸው፣ ላይነካካ ይችላል፣ ሊነካካም ይችላል፣ ሳናውቅ አንድርም፣ የሚጎዳው የሚወለደው ልጅ ነው አሉ። ስሙን አግኙና ጥሩን ብለው ተነሡ። ልጅቷ እጄን ይዛ ነበር፤ መቼ እንደለቀቀችኝ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ለጠላቴም አልመኝ። የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ አውርጄ ሞክሬአለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት የተነሣ የትምህርት ቤት ሰልፍ ፎቶ ተመለሰ። የማላውቀው ሰው ፍየል ተመለሰ። ከድምፅ የተመለሰው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከፍቼ ሰማሁት፣ ሳል ነው። ሳሉ ብቻ። ኮምፒውተሩ ላይ ደፋ ብዬ አለቀስኩ። ደግሞም በራሴ ተናደድኩ፤ ማልቀስ ማንን ይጠቅማል!

እሷ በበኩሏ በየሳምንቱ መጨረሻ መኪና እየተሳፈረች ኢታንግም ፑኝዶም ሄደች፣ አዛውንት አሉ ወደተባለበት ሁሉ። አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። የሚያውቁት ሞተዋል፣ ያሉት አያውቁም። አንድ ቀን ከጉዞ መልስ ቤቴ ገብታ ውኃ ጠጣችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰለሽ። ግን ስልኩ ውስጥ አለ ብዬ ስሞቹን አልያዝኳቸውም። ስሰማው የምሰማው ድምፁን ነበር። አባቴ ናፍቆኝ።»

እዚያው ልነግራት ፈልጌ፣ ሌላ ውኃ ቀዳሁላት። በማግሥቱ ግን መዝገብ ቤት ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር፤ የተማሪ ፋይል በክር ታስራለች። ቆሜ ነገርኳት።

«ስልኩ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንድ ዓይነት መስለውኝ።»

ክሩን እንደያዘች ቀረች። «ሁሉም?»

«ከአንዱ በቀር ሁሉም። አጀማመራቸው አንድ ነበር።»

«አባቴ አባቶቹን ሳይጠራ አይናገርም» አለች። «ሰላም ሊለኝ ቢሆንም፣ ከብት ታመመ ሊለኝ ቢሆንም። መጀመሪያ እነሱን ይጠራል። ከዚያ ነው ወሬው የሚመጣው።» ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ለምን አልጠየቅሽኝም? ከዚህ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ ነው?»

ላለማስቸገር ብዬ ነው ልል ነበር፣ ውሸት ነው። መጠየቅ እንዳለብኝ ትዝም አላለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

«ሽማግሌዎቹ ፊት» አለች፣ «ለአንቺ ተከራከርኩ።» ከዚያ ፋይሏን ማሰር ቀጠለች። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ እንዴት ቀለል ባለኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ በር ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ለማንም እንደምትለው ሰላም።

ዝናቡ ሲጀምር የልጁ ቤተሰብ መልእክት ላከ። ጠበቅን፣ አልተገኘም፣ እንግዲህ ልጆቹ ይለያዩ የሚል ነው። ልጁ እምቢ ብሎ እንደነበር ሰምቻለሁ። አባቱ ፊት ቀርቦ ሲመለስ ግን እምቢታው አልነበረም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በሬን አንኳኳች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው የመጣችው። ቁጭ በይ አልኳት፣ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ስልኳን ከፍታ ዘረጋችልኝ።

«ቲቸር፣ የሱን ፎቶና ድምፅ አጥፊልኝ። ራሴ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እከፍተውና እሰማዋለሁ።»

«የኔ እህት» አልኳት፣ «ቆይ እስቲ። ሌላ ቦታ ላስቀምጥልሽ፤ እኔ ጋ ይቆይልሽ። ወይም አንዱን ብቻ፣ አንዱን እንኳ ላስቀርልሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ልትወጋኝ ብላ እንዳልሆነ ከዓይኗ አይቻለሁ፤ የተናገረችው ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቀኝ በነበረበት በዚያው በጨዋ ድምፅ ነው።

«አይ፣ አንድም እንዳታስቀሪ። ከቆሻሻ መጣያውም አውጪው። ከአንቺ በላይ ማን ይችልበታል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ስልኩን ተቀበልኳት። እሷ ፊቷን ወደ ደጁ አዙራ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።