በነጠላ የተሸፈነ ፊት

ትልቋ ልጄ አምስተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ቃላት ጮክ ብላ ታጠናለች፤ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ አዳምጣታለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ተዳርኩ። አንዱ ገጽ ላይ ሦስት ቃላት ከላይ ወደ ታች ጽፋለች፤ ሲ፣ ሉክ፣ ዎች። በሦስቱም ፊት ለፊት ያለው ትርጉም አንድ ነው፤ ማየት።

«ለአንድ ነገር ሦስት ቃል ምን ያደርግላቸዋል?» አልኳት።

«ፈረንጆች ቃል አይቸግራቸውም» አለችኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። ባሌ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ከሰሜን ተዛውረን መጥተን ሁለት ዓመት ሳይሞላን እሱን ለጥቂት ወራት ወልቂጤ ላኩት። ወልቂጤ ሩቅ አይደለም ይሉኛል፤ ግን ከዚያ ለመምጣት ወይ በአዲስ አበባ መዞር ነው፣ ወይ በበቅሎ ተራራውን ማቋረጥ። እኔ ከልጄና ስምንት ወር ከሆነው ወንድሟ ጋር ቀረሁ።

ከእሱ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ቀብሬአለሁ። ወፍራም፣ ሳቂታ ነበረች። ገበያ ይዣት ወጥቼ ያየ ሁሉ ሲያደንቃት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፣ በሳምንቷ ሞተች። ጎረቤቶቼ «ዓይን ነው» አሉ፤ እኔም አመንኩ። ስለዚህ ልጁን ከተወለደ ጀምሮ ከቤት የማወጣው ፊቱን በነጠላ ሸፍኜ ነበር። መልኩን በደንብ የሚያውቅ ጎረቤት እንኳ አልነበረም።

ኩፍኝ ወጣበት። ኩፍኙ ሲለቀው ሳሉ አልለቀው አለ። አንድ ቀን ጠዋት ጡት እምቢ አለኝ። ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ሦስታችንም ወደ ክሊኒክ ሄድን።

እዚያ ያገኘናት አንዲት ፈረንጅ ነርስ ብቻ ናት። የሚያስተረጉምላት ረዳቷ፣ ድሬሰሩ፣ ለክትባት ገጠር ወጥቷል። ደረቱን አዳመጠችው፣ መርፌ ወጋችው፤ ከዚያ ልብሱን ገልጣ ጎኑን በጣቷ አሳየችኝ። «ሉክ» አለች። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «ዩ ሲ?» አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። አግዳሚ ወንበሩን አመለከተችንና ቃሉን እየረገጠች «ዎች ሂም» አለች፤ ሌላም ብዙ ነገር ጨመረች።

«ምን አለች?» አልኳት ልጄን።

«እዪው ነው የምትለው። ሌላው አልገባኝም።»

እቅፌ ውስጥ ነው ያለው፤ ከዚህ በላይ ምን አድርጌ ልየው አልኩ በልቤ።

አግዳሚው ላይ አምስት ሴቶች ነበሩ። አምስቱም ዞረው አዩን። ነጠላውን ወዲያው መልሼ ፊቱ ላይ ጣልኩት።

ከጎኔ የተቀመጡት ከመስቃን ገጠር የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አሮጊት ሙስሊም ሴት ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይታፈናል እኮ» አሉኝ።

«ብርድ እንዳይመታው ነው፣ እናቴ።»

«ብርድ?» አሉና ወደ ሌሎቹ ዞረው በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ሴቶቹ ሳቁ። ለእኔ ደግሞ በአማርኛ፣ «እዚህ ብርድ የለም። ያለነው እኛ ነን። ዓይናችንን ፈርተሽ ነው።»

አፈርኩ። አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር። እጄ ነጠላውን ይበልጥ ጨበጠ።

«እማዬ፣ እዪው ብላለች እኮ» አለች ልጄ በጆሮዬ።

«ዝም በይ፣ እያየሁት ነው» አልኳት። የማየው ግን ነጠላውን ነበር። ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ቆይቶ ከፍ ዝቅ ማለቱ ቀነሰና ጸጥ አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ።

ነርሷ ሌላ ሰው ልትጠራ ስትወጣ አየችን። መጥታ ነጠላውን ከእጄ መነጨቀችው። የልጁ ከንፈር የተማሪ ቀለም እንደነካው ሰማያዊ ሆኗል። ነጥቃኝ ወደ ውስጥ ሮጠች። በሩ ክፍት ስለነበር በክንዷ ላይ ደፍታ ጀርባውን ስትመታው፣ በሆነ ጎማ ነገር ከአፍንጫውና ከጉሮሮው አክታ ስትመጥጥለት አየሁ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ልጄ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ከዚያ አለቀሰ። እንደ ድመት ግልገል የቀጠነ ድምፅ ነው፤ ግን አለቀሰ።

ነርሷ ልጁን ስትመልስልኝ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና አድርጋ አሳቀፈችኝና ጣቷን ከዓይኔ ወደ ጎኑ፣ እንደገና ከዓይኔ ወደ ከንፈሩ አመላለሰች። «ዎች» አለች። ነጠላውን አጣጥፋ ይዛው ሄደች።

ያኔ ገባኝ። እሳት ላይ የተጣደ ወተት የሚታየው እንደዚህ ነው፤ ለአፍታ ዞር ካሉ ይገነፍላል። እኛም ብንሆን ለዚህ የራሳችን አነጋገር አለን፤ ዓይን አለመንቀል እንላለን። ደብተሩ ላይ ያ አልተጻፈም እንጂ።

የልጁ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መሃል ያለ መሸፈኛ ዋለ። ዓይኔን ብነቅል ይሞትብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ሳልነቅል ደግሞ የሌሎቹ ዓይን ያረፈበት ይመስለኛል። አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገሩ፣ አግዳሚው ተንቋቋ። በጨረፍታ ስመለከት አምስቱም ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል።

«በይ፣ አሁን አንበላብሽም» አሉ አሮጊቷ ለግድግዳው። «አንገታችን ሳይጣመም ቶሎ ይዳንልሽ ብቻ።»

እስከ ከሰዓት በኋላ እንዲያ ዋልን። ሌሎቹ ተራቸው ሲደርስ እየታከሙ ሄዱ። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ሁለተኛ መርፌ ስለሚቀረው እሳቸው ቆዩ፤ ፊታቸውን ግን ከግድግዳው አላዞሩም። እኔ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበር። አንድ ጊዜ አንገቴ ድንገት ወደ ፊት ወደቀና ብንን አልኩ። ስንት ትንፋሽ እንዳለፈኝ አላወቅኩም። ልጄን ልጠራት ስል እሷም ወለሉ ላይ ተኝታለች።

«እናቴ» አልኩ።

«እህ?»

«ይዙሩና ይዩልኝ።»

ወዲያው አልዞሩም። «እኔ? በዚህ ዓይን?»

«እርስዎ። ዓይኔ እየከዳኝ ነው።»

ዞሩ። መጀመሪያ «ማሻአላህ» አሉ፤ ዓይን እንዳይጎዳ የሚሉት ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ተጠግተው ጎኑ ላይ አፈጠጡ። ልጁ በተነፈሰ ቁጥር በጣታቸው ጉልበቴን መታ ያደርጉኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግን አልተኛሁም። ጣታቸው ትንሽ የዘገየ እንደሆነ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። መታ ሲያደርጉኝ እለቀዋለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የልጁ አፍ በልብሴ ላይ ጡት ሲፈልግ ተሰማኝ። ዓይኔን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ራበው» አሉ።