አዋላጇ የመለሱት የፋኖስ ብርጭቆ

ውኃ ስትሰጪኝ ብርጭቆውን ከመጠጣቴ በፊት ወደ አፍንጫዬ ማስጠጋቴን አይተሽ ትስቂያለሽ። በደንብ ታጥቧል አባባ፣ ትይኛለሽ። መታጠቡን አውቃለሁ። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ከንጹሕ ብርጭቆ የላምባ ሽታ ይመጣብኛል። ስለ ውሸት ስንት ጊዜ ገሥጬሻለሁ፤ የዚህን ሽታ ነገር ግን አንድም ቀን አልነገርኩሽም።

በደርግ ጊዜ፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ እዚሁ ቦንጋ በቀበሌው ሱቅ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሳሙና ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ከመስኮት ጀርባ ቆሜ መጻፌ ትልቅ ሹመት መስሎ ይታየኝ ነበር። ሥራዬ ጉድለት አለበት ተብሎ የሚመለስ ዕቃ መቀበል ነበር።

የፋኖስ ብርጭቆ ያን ጊዜ ብርቅ ነው። ለአንድ ቤት በዓመት አንድ ይታደላል። ሳይበራ ተሰንጥቆ ከተገኘ ይቀየራል፤ በርቶ ከተሰነጠቀ አይቀየርም። ሰውም ዘዴ ፈጠረ። አሮጌውን በአመድና በሎሚ ፈትጎ፣ ጥላሸቱን አስለቅቆ ያመጣና፣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት ይላል። ዓይን ይታለላል። እኔ ግን በአፍንጫዬ ደረስኩበት። ጥላሸት በአመድ ይለቃል፤ ላምባ ግን ከስንጥቅ ውስጥ ቶሎ አይወጣም። ሦስት ሰው ያዝኩ፤ ሦስቱም አመኑ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ቀርቶ “አፍንጫው” ተባልኩ። አንድ ሸማኔ ነበር፣ ሰልፉ ላይ ቆሞ፣ “ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሰው ሐሳብም ያሸታል” እያለ ሰዉን ያስቃል። ደስ ይለኝ ነበር።

የተያዘ ሰው ስሙ በሱቁ በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ “አሻጥረኛ” ተብሎ ይጻፋል። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ፊደሌ ያምር ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት አዋላጇ መጡ። በሰፈራችን ያልተቀበሉት ሕፃን ጥቂት ነው። ነጠላቸው በዝናብ በስብሷል። ብርጭቆውን በኮባ ጠቅልለው ይዘውታል፤ እንደ ሕፃን ቀስ ብለው ፈቱት። ትናንት ከዚሁ ሱቅ የወሰዱት መሆኑን፣ ቤት ገብተው ሲፈቱት ተሰንጥቆ እንዳገኙት ነገሩኝ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ላምባ ነው።

“ይሄ በርቷል” አልኩ።

“አልበራም።”

“ላምባ ይሸታል።”

“ይሸታል። እኔም ሸቶኛል። ከዚሁ ሸቶ ነው የወጣው።”

ሰልፈኛው ሳቀ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምላቸው። “አንቺ፣ ሌላ ሰው ፈልገሽ አሞኚ” አልኳቸው።

አማርኛቸው ከካፊኛ እየመዘኑ የሚያወጡት፣ ረጋ ያለ ነበር። “ልጄ፣ ይዤ የወጣሁትን ነው ይዤ የመጣሁት” አሉ። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ብርጭቆውን መልሰው በኮባ ጠቀለሉት። ገና ከደጃፉ ሳይርቁ ስማቸውን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

ለብርጭቆ ያልታመነች ሴት እንዴት ለሕፃን ትታመናለች መባል ተጀመረ። የሚጠራቸው ሰው እያነሰ ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ የቀሩትን ብርጭቆዎች ላወጣ መጋዘን ገባሁ። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ጭድ ስነካ እጄ ረጠበ። ቀና ብዬ አየሁ። ከሣጥኑ በላይ ባለው ጣውላ ላይ የላምባ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አሸተትኳቸው። ሁሉም ላምባ ይሸታሉ፤ አንዱም በርቶ አያውቅም።

ለሱቁ ኃላፊ ነገርኩት። ጀሪካኑን አየና፣ “ማን እዚህ አስቀመጠው ይሉሃል” አለኝ። “ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ማን እንደሆነ አስብና ተናገር።”

አሰብኩ፤ ዝም አልኩ። ለሱቅ ሠራተኛ አሻጥረኛ መባል እስር ቤት ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ግን እውነቱ በሙሉ አይደለም። “አፍንጫው” መባሌም እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም።

እናትሽን ምጥ የያዛት በዚያው ክረምት ማብቂያ፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ዝናቡ ከጫካው ወርዶ ቤቱን አጨልሞታል። ጎረቤታችን ሌላ አዋላጅ ፍለጋ ሮጠች፤ ሺሺንዳ ሄዳለች አሏት። ሳትጠይቀኝ እሳቸውን ይዛ መጣች።

ፋኖሳቸውን ይዘው ገቡ። ብርጭቆው ያው ነው። ስንጥቁ ላይ ወረቀት በሊጥ ለጥፈውበታል። ነፋስ በስንጥቁ እየገባ እሳቱን ስለሚያጠፋው አንድ ሰው ከልሎት መቆም ነበረበት። ጎረቤታችን እናትሽን ደግፋለች። ወንድ ምጥ ቤት አይገባም፤ እኔ ግን ገባሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ፋኖሱን በጋቢዬ ከልዬ ቆምኩ። ከአፍንጫዬ ሥር ላምባው ይሸታል። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። በጨለማው ውስጥ እናትሽ ስትጮህ፣ እሳቸው ድምፃቸውን እንኳን ከፍ ሳያደርጉ፣ “አብራ፣ ልጄ” ይሉኛል። ክብሪት እጭራለሁ።

ከዚያ አንቺ አለቀስሽ።

እጃቸውን ታጥበው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ደረስኩባቸው። “እትዬ፣ ያ ብርጭቆ...” አልኩ። ቆሙ፤ ጠበቁኝ። ዝናቡ ከጣራው ላይ በመሐላችን ይወርዳል።

“እጅዎን እንዳይቆርጥዎት” አልኩ።

“ለምጄዋለሁ” አሉና ሄዱ።

ብዙም ሳይቆዩ ደካ ወደሚኖሩት ወንድማቸው ሄዱ። ስማቸውን ዝናብ አጠበው እንጂ እኔ አላጠፋሁትም። ያ ሱቅ ዕቃ የሚመለስበት መስኮት ነበረው፤ የሰው ስም የሚመለስበት አልነበረውም። ደፍሮ የሚመልስ ሰው ግን መስኮት ምን ያደርግለታል?

ደርግ ወድቆ፣ ሱቁም ተዘግቶ፣ የሚያስፈራኝ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደካ ሄድኩ። አርፈዋል። ወንድማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ከቦንጋ መምጣቴን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። እህታቸው እስኪሞቱ ድረስ ከቦንጋ የመጣን ሰው ሁሉ ስለ አንዲት ልጅ ይጠይቁ እንደነበር ነገሩኝ። በተሰነጠቀ ፋኖስ ያዋለድኳት፣ አባቷ መብራት የያዘላት ልጅ፣ ይሉ ነበር አሉ።

“ያቺ ልጅ ደኅና ናት?” አሉኝ።

“ደኅና ናት” አልኩ። ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።