የማታስደነግጥ ጠመንጃ

ልጄ ለኬንያ ጦር ምልመላ እንደምትቀርብ ከነገረችን ወዲህ ባለቤቴ እንቅልፍ አጥታለች። እኔም አልተሻልኩም፤ ዝም በማለት ብቻ ነው የምበልጣት። ልጅቷ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ዜግነቷም የዚሁ ነው፤ ስንከለክላት ደግሞ ይብስባታል።

"አንተ ወታደር ነበርክ፤ ወስደህ አስተኩሳት" አለችኝ ባለቤቴ። "አንዴ ሰደፉ ትከሻዋን ይምታት፣ ጆሮዋ ይጩህ፤ ራሷ ትተወዋለች።"

ነገሩ አሳመነኝ። ሌላ ዘዴም አልነበረንም።

ምግብ ቤታችን የሚመላለስ አንድ ኬንያዊ ጡረተኛ መኮንን በግል የተኩስ ክለብ ያሠለጥናል። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ከኢምባካሲ ተነስተን በመኪናው ጭንቅንቅ መሀል ስንንፏቀቅ ልጄ ትዘፍናለች፤ የእኔ መዳፍ መሪው ላይ ያልበዋል። ልጄ እንድትፈራልኝ የምጸልይ አባት ሆኜ አረፍኩት።

ሰውየው ጠመንጃውን ሲያወጣ ገና ሳየው አወቅኩት። መልኩም ክብደቱም የጦር ጠመንጃ ነው፤ የአፈሙዙ ቀዳዳ ግን የጽሕፈት እርሳስ አያስገባም። አገሬ እያለሁ እኔም ማሠልጠኛ ውስጥ ምልምሎችን የማስጀምረው በእንዲህ ያለው ነበር። መጀመሪያ ጥይት ለመቆጠብ የመጣ ብልሃት ነው ብለው ነበር ያስተማሩን፤ በትልቁ ጠመንጃ በርሜል ውስጥ ቀጭን በርሜል ከተው ርካሿን ትንሽ ጥይት ያስተኩሱ ነበር። ኋላ ትንሿ ጠመንጃ ራሷን ችላ ተሠራች፤ ክብደቷ፣ ማነጣጠሪያዋ፣ ቃታዋ እንደ ትልቁ ሆኖ። ጥቅሟ ግን ከቁጠባ ያልፋል። ትከሻ አትመታም፣ ብዙም አትጮህም። ምልምሉ ሳይደነግጥ እጁ ይለምዳል፤ ትልቁን ሲሰጡት ሰውነቱ ቀድሞ እሺ ብሏል። ለስንቱ ወጣት ይህን በኩራት ሳስረዳ ኖሬ፣ ልጄን ላስደነግጥ ብዬ እዚህችው ጠመንጃ ፊት አመጣኋት። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ!

"ትልቁ አይሆንም?" አልኩት።

"ምዜ፣ አንተ ደግሞ! ጀማሪ በትልቁ ይጀምራል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

"አባዬ፣ ሪላክስ" አለች ልጄ በደረቷ እየተኛች።

የመጀመሪያዋን ሳተች። ሁለተኛዋንም። ሦስተኛዋ ኢላማው አጠገብ አፈር አቦነነች። እሰይ አልኩ በሆዴ። ሰውየው ጀማሪን ቶሎ ማረም አይወድም መሰለኝ፣ እጁን አጣምሮ ያያታል። ልጄ ጠመንጃውን አስቀምጣ ዞረች፤ ፊቷ ቀልቷል።

"አልቻልኩበትም። ለኔ አይሆንም መሰለኝ፤ ቱዌንዴ፣ ቤት እንሂድ።"

ዝም ብል ኖሮ አለቀ፣ ደቀቀ ነበር። የመኪናው ቁልፍ እጄ ላይ ነው። ግን ስትተኩስ ክርኗ ወደ ውጭ ተንጋዶ ስላየሁት አላስችለኝ አለ። አመል ያወጣል ከመሀል።

"ክርንሽን ወደ ውስጥ አስገቢ" አልኳት። "ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪና ያዢው። ቃታውን አትሳቢው፣ ቀስ ብለሽ ጭመቂው።"

ድምፄ የጦር ሰፈሩ ድምፅ ነበር፣ የጥንቱ።

ተመልሳ ተኝታ እንዳልኳት ተኮሰች፤ ኢላማው መሀል ላይ ቀዳዳዎቹ ተቃቅፈው ወጡ። ሰውየው አጨበጨበ። እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ስልኬ ጠራ። "እህ፣ ደነገጠች?" አለች ባለቤቴ።

ልጄ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። "እማዬ! አባዬ እንዲህ ጎበዝ አስተማሪ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?"