የእትዬ አስካለ በር መብራት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ትምህርት ቤት የታዘዘችውን ሥራ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትነካካ፣ ቀጭን፣ አፍንጫ የሚወጋ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ማድ ቤት ድረስ መጣብኝና እጄን ሳልጠርግ ወጣሁ። ፊቷ ያለው ያ ነጭ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ ነበር፤ ሽቦና ትንንሽ ዕቃ ያለ ብየዳ እየሰኩ የሚሞክሩበት፣ ብሬድቦርድ የሚሉት። «ሬዚስተሩን ሁለቱንም እግሩን አንድ መደዳ ላይ ሰክተሽው ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ይሄን የት ታውቂያለሽ?» አለች። የት እንደማውቀው ለመናገር ብዙ መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።

እኛ ያደግነው ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ከፒያሳ ኬክ ቤቶች ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ፣ መተላለፊያው እየጠበበ ሄዶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍበት ቦታ ላይ ባለ ግቢ፤ ጠዋት የጊዮርጊስ ቅዳሴ፣ ከሰዓት ደግሞ ከላይ የሚጋገረው የኬክ ሽታ ሳይጋበዝ የሚገባበት፣ ክረምት ሲሆን ቆርቆሮው መደማመጥ እስኪያቅተን የሚንጫጫበት ግቢ።

እትዬ አስካለ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከአንድ ከባድ ሕመም በኋላ ጆሯቸው ጨርሶ መስማት ስላቆመ፣ እኛ ልጆች ከፊታቸው ቆመን አፋችንን ፊደል እንደሚቆጥር ሰው እየከፈትን ነበር የምናወራቸው። ሌባ ድስታቸውን ከነወጡ ከወሰደባቸው ወዲህ ግን ቀንም ቢሆን በራቸውን ከውስጥ ይቀረቅሩ ጀመር፤ የፈለጋቸው ሰው እስኪወጡ መጠበቅ ነበረበት።

አንድ ቀን ከእትዬ አስካለ በቀር ግቢው በሙሉ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ወንድማቸው ከደብረ ብርሃን መጡ። በአባታቸው ቤት የተነሳ ተጣልተው፣ ተኮራርፈው የኖሩ ወንድም። ይህን የነገሩን ከግቢው መግቢያ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ነስሩ ናቸው። «ብዙ አንኳኩ። በኋላ ‹አልከፍትም ካለች ምን አደርጋለሁ› እያሉ ሲወጡ ሰማኋቸው። አይሰሙም እኮ ልላቸው ብቅ ስል ታክሲ ውስጥ ገብተዋል» አሉ። እናቴ ይህንኑ በእጅም በአፍም ስታስረዳቸው እትዬ አስካለ የበራቸው ደፍ ላይ ተቀመጡና እስኪመሽ አልተነሱም። በአንድ መንገደኛ በኩል መስማት ማቆማቸውን የሚነግር መልእክት ተላከ፤ ይድረስ አይድረስ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ዳዊት «መብራት እንሥራላቸው» አለኝ። ኤሌክትሪክ የተማረው አጎታችን ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ትቶልን የሄደው ካርቶን ነበር፤ እንደ ምስር የፈሰሱ፣ ኃይል የሚቀንሱ ሬዚስተሮች፣ ባለ ሁለት እግር ትንንሽ ቀይ አምፖሎች፣ ሽቦ፣ ከሁሉም ከሁሉም ያ ነጭ ሰሌዳ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ከበሩ ውጪ በጣት የሚጫኑት መጫኛ፣ ከውስጥ አምፖል፤ እንግዳው ሲጫን ይበራል፣ እሳቸው አይተው ይከፍታሉ።

ቀላሉ ነገር ግን አልበራም። አባቴ የባትሪው ድንጋይ አልቋል ብሎ ስለፈረደ የሬዲዮኑን ድንጋይ ጭምር አውጥተን ፀሐይ ላይ አሰጣን። እናቴ እርጥበት ነው አለች። ጋሽ ነስሩ የሸጡልንን ሽቦ አገላብጠው አይተው ጥፋቱ የሽቦው እንዳልሆነ ማሉልን። በመጨረሻ ዳዊት አምፖሏን አዙሮ ሰካት፤ አንድ እግሯ ከሌላው መርዘሙ ለካ ለጌጥ አልነበረም። ቦግ አለች፤ ደስ ሳይለንም ጠፋች፤ ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ብዙ ተጨቃጭቀን ነው የገባን፦ በአንድ መደዳ ያሉት ቀዳዳዎች ከሥር የተያያዙ ናቸው፤ ኃይሉን እንዲቀንስ የሰካነው ሬዚስተር ሁለቱም እግሩ እዚያው መደዳ ላይ ስለነበር፣ ኃይሉ እሱን ትቶ በቀጥታ አምፖሏ ላይ ወርዷል።

በሌላ አምፖል አስተካክለን ሠራን፤ በራ። ከበሩ የሚመጣው ሽቦ እንዲመቸን ብለን ወደ ሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ ስናዛውረው ግን ጠፋ። ስንመልሰው ይበራል፣ ስናዛውረው ይጠፋል፤ ሽቦው ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ የሚሰካውም እጅ ያው። የምናውቀው ሁሉ ተምታታብን። ዳዊት እራት ላይ ጉርሻውን ይዞ ይፈዝ ነበር፤ እኔም አፌን ሞልቼ የሰጠኋቸውን ተስፋ ፈርቼ ከእትዬ አስካለ ፊት መሸሽ ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት ሰሌዳውን ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ ሳየው፣ ኃይሉ የሚያልፍበትን ለማሳየት በጠርዙ ርዝመት ከተሰመሩት ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ቀይዋ መሃል ላይ ክፍተት አላት።

«ይቺ እኮ ተቆርጣለች» አልኩት።

«ቀለሙ ለቆ ነው።»

«ሰማያዊዋስ? እሷም እዚሁ ጋ ነው የለቀቀችው?»

ሰሌዳውን ከእጄ ወስዶ አየ። ከዚያ ሁለት አጫጭር ሽቦ ቆርጦ ክፍተቶቹን አገናኘ። በራ። አንድ ያልነው መስመር ለካ ሁለት ነበር።

መጫኛውን ከበሩ ጎን ሰቀልነው፤ ዳዊት ከሥሩ «ይጫኑ» ብሎ ጻፈ። አምፖሏን እትዬ አስካለ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት፣ ቡፌው ላይ አደረግናት። ግቢው በየተራ እየመጣ ሲጫን፣ እሳቸውም እየሳቁ ሲከፍቱ ሰነበቱ።

ወንድማቸው ተመልሰው ሲመጡ ዳዊት ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔ ብቻዬን ልብስ አሰጣለሁ። ካፖርት የለበሱ አዛውንት በሩን በጣታቸው አንኳኩ። ቆዩ፤ ደግመው አንኳኩ። ጽሑፉ ከእጃቸው አጠገብ ነው፤ ዓይናቸው ግን አላየውም። የዓለም ሰው ሁሉ በር እንደሚያንኳኳ አላሰብንም ነበር። ሊሄዱ ዞር ሲሉ የያዝኩትን አንሶላ ጥዬ ሮጥኩና መጫኛውን እኔ ተጫንኩት።

መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። እትዬ አስካለ «ምነው ልጄ?» እያሉ ከፍተው ቆመው ቀሩ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ተናገሩ፤ መንገድ ላይ ሲያጠኑት የመጡ ይመስለኛል፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ከንፈራቸውን ብቻ ያያሉ።

«አይሰሙም» አልኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ሳውቃቸው እንደዚህ ናቸው።»

መልእክቱ እንዳልደረሳቸው ያኔ ገባኝ። ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። እትዬ አስካለ ምን እንደተባባልን ሳያውቁ ክንዳቸውን ያዙና «ግባ፤ በር ላይ አይወራም» አሏቸው።

ዳዊት ሲመጣ ሁሉን ነገርኩት። «ታዲያ የሠራነው ነገር ሠራ ነው የሚባለው ወይስ አልሠራም?» አለ።

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆይተዋል። ሰፈሩ ለልማት ከተነሳ ወዲህ የግቢው ሰው የተበተነበትን ሁሉ ማወቅ አልቻልኩም፤ አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከጎኔ ያለችው ሴት ትስማ አትስማ ቢጠይቁኝ አላውቅም። በቀደም ከዳዊት ጋር ወደ ድሮ ሰፈራችን በእግር ወረድን። ንጹሕ ሰፊ መንገድ፣ ሣር፣ የተደረደሩ መብራቶች። የእትዬ አስካለ በር የት ጋ እንደነበር ላሳየው ቆምኩ።

«እዚህ ነበር» አልኩት።

«አይ፣ ከዚህ ዝቅ ይላል» ብሎ ራቅ ብሎ ቆመ።

የሚመሰክርልን አንድ ግድግዳ እንኳ ስለሌለ፣ ሰው በመካከላችን እያለፈ፣ ሁለታችንም በየቆምንበት ቀረን።